ማንሻዋ አየር አትሞላም

ሰሞኑን አንድ ወጣት እንጦጦ ጫካ ውስጥ በብስክሌት ዳገት ሲወጣ የኋላ ጎማው እየተንሸራተተ አስቸገረው። ሌላ ጥገና ቤት ሄዶ አዲስ ጎማ አስገጠመ፤ ለውጥ የለም። እኔ ጋ ሲመጣ የኋላ ሾኩ ላይ ያለችው ሰማያዊ ማንሻ ጥርቅም ብላ ተዘግታለች። ለምን እንደዘጋት ስጠይቀው «ዳገት ላይማ ሎክ ይደረጋል» አለኝ፤ እንዲያውም የማይረባ ጥያቄ የጠየቅኩት ነው የመሰለው። ይህን ማን እንደሚያስተምራቸው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ዳገት ሁሉ አንድ አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው አስፋልት፣ በተለይ ከኮርቻው ተነስታችሁ የምትነዱ ከሆነ፣ ሾኩን ቆልፉት። መንገዱ ለስላሳ ነው፤ ሾኩ የሚውጠው ምት የለም። ጫካው ግን የባሕር ዛፍ ሥርና ድንጋይ ነው። ሾኩ የተቆለፈበት የኋላ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ይነጥራል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ከስር የሚይዘው ስለሌለ ባዶውን ይሽከረከራል። የተከፈተው ከድንጋዩ ጋር ይወጣል፣ ከድንጋዩ ጋር ይወርዳል፣ መሬቱን አይለቅም። ጎማ መቀየር እዚህ ላይ ምን ይፈይዳል?

«ሲከፈት እኮ ያረገርጋል» ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ ያረገርጋል። ከልክ በላይ የሚያረገርገው ግን ብዙውን ጊዜ አየር ስላነሰው ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ባለ ሁለት ሾክ ብስክሌቶች ብዙዎቹ አገልግለው የገቡ ናቸው። ሲጀመር የተሞሉት ለቀድሞው ባለቤት ክብደት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነክቷቸው የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ቀስ በቀስ ይተነፍሳሉ። ነገሩ የገባው ሰው ደግሞ ጎሚስታ ጋ ይሄዳል! የጎሚስታ ኮምፕረሰር ለመኪና ጎማ ነው። ብዙ የኋላ ሾኮች ከ150 እስከ 250 ፒኤስአይ ድረስ ይፈልጋሉ፤ አየር የሚይዘው ቦታቸው ደግሞ በጣም ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ሲገባ ወይም ሲያመልጥ ግፊቱ በአንዴ ይዘላል። የሚሞላው ጌጅ ባለው የሾክ የእጅ ፖምፓ ነው፣ በቃ።

ማንሻዋ የምታደርገው ሾኩ ውስጥ ዘይት የሚያልፍበትን መንገድ ማጥበብ ነው። አየሩን አትነካውም፤ እናንተን የሚሸከማችሁ ደግሞ አየሩ ነው። የጎደለውን አየር በማንሻ ልሸፍን የሚል ሰው ትኩሳቱን ትቶ ቴርሞሜትሩን እንደሚደብቅ ነው። ማንሻዋን ከፍታችሁ፣ ሾኩ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት ወደ ማሸጊያው ገፍታችሁ፣ ሳትዘሉ ተቀመጡና ውረዱ። ለጫካ መንገድ በተሠራ ብስክሌት ላይ ቀለበቷ ከሾኩ ሙሉ ጉዞ ከ25 እስከ 30 በመቶ ያህል ከሄደች ማረግረጉ ለአብዛኛው ሰው የሚያሳስብ አይሆንም። ቅሬታ ከቀረ የማንሻዋ መሀለኛ ደረጃ አለች፤ ሰው ለምን እንደሚዘላት አይገባኝም።

«ተወዳዳሪዎቹስ ይቆልፉ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይቆልፋሉ። የተራራ ብስክሌት ተወዳዳሪው ኒኖ ሹርተር በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው ስኮት ስፓርክ የተባለ ባለ ሁለት ሾክ ብስክሌት ነድቶ ነው። የእሱ ማንሻ ግን መሪው ላይ፣ ጣቱ በሚደርስበት ቦታ ነበረች፤ መንገዱ በተቀየረ ቁጥር እጁን ሳያነሳ ይቀይራት ነበር። የእናንተ እታች ሾኩ ላይ ናት፣ ለመንካት ጎንበስ ብሎ አንድ እጅ ከመሪው መልቀቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ሽቅብ ተቆልፋ ትወጣለች፣ ተረስታ ቁልቁልም እንደተቆለፈች ትወርዳለች። ደህና ሾክ ከባድ ምት ሲመጣ በራሱ የሚከፈት ቫልቭ አለው፤ በርካሾቹ ላይ ግን አትተማመኑ።

አዲስ ጎማ ወይም አዲስ ሾክ ከመግዛታችሁ በፊት አየሩን አስለኩ። ስትመጡም ስትነዱ የምትይዙትን ቦርሳና ውሃ ይዛችሁ ኑ፤ የሚሞላው በዚያ ክብደት ልክ ነው።