የባትዋዎች ርስትና የካምፓላው ፍርድ

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ የሚያስችለው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በኦገስት 19 ቀን 2021 በባትዋ ሕዝብ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ፣ አገር ለሚያስተዳድሩም ሆነ ለሚነግዱ ሰዎች ትምህርት የሚሆን ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከመሠረቱ መግለጥ ተገቢ ነው።

ባትዋዎች በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ፣ በብዊንዲ፣ በምጋሂንጋና በኤቹያ ዱሮች እያደኑ፣ ማር እየቈረጡ፣ ሥራ ሥርና ፍሬ እየለቀሙ ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ዱሩ ጎተራቸው ብቻ ሳይሆን የመድኃኒታቸው ዕቃ ቤትና የአባቶቻቸው መታሰቢያ ነበረ። በምጋሂንጋ የሚገኘው የጋራማ ዋሻም በጠብ ጊዜ መሸሸጊያቸው ነበረ።

በ1991 ብዊንዲና ምጋሂንጋ ብሔራዊ ፓርክ ተብለው ሲከለሉ ግን ባትዋዎች ከዱሩ ተባረሩ። ዱሩን መንጥሮ ያረሰ ገበሬ ስለ እርሻው ካሳ ሲቀበል፣ ዱሩን ሳይመነጥር የኖረው ባትዋ እርሻም ሆነ የይዞታ ወረቀት አልነበረውምና፣ አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን ወጥተው በሰው መሬት ላይ ጥገኛ ሆኑ። ዱሩን ጠብቆ ያቈየ ሰው፣ በመጠበቁ ምክንያት ርስት እንደሌለው ተቈጠረ ማለት ነው።

መንግሥት ዱሩን ማስከበሩ የሚነቀፍ አይደለም። በ2018 በተደረገው ቈጠራ በብዊንዲ አካባቢ 459 የተራራ ጎሪላዎች ተገኝተዋል። ከሩቅ አገር የሚመጣ ጎብኚም ከጁላይ 2024 ወዲህ እነዚህን እንስሳት ለማየት 800 የአሜሪካ ዶላር እንዲከፍል ተወስኗል። ከዚህ ሀብት ሆቴሉ፣ አጓጓዡና ነጋዴው ይጠቀማሉ። ባትዋዎች ግን ወደ ጋራማ ዋሻ የሚመለሱት ባመዛኙ የአባቶቻቸውን ዘፈንና ኑሮ ለጎብኚ ለማሳየት ነው።

ስለዚህ ባትዋዎች በ2013 አቤቱታቸውን ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቀረቡ። ፍርድ ቤቱም ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በቂ ካሳ ሳያገኙ መባረራቸው ለድህነትና ለመናቅ እንደ ዳረጋቸው ተረድቶ፣ በካባሌ የሚያስችለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ12 ወር ውስጥ ተገቢውን መፍትሔ እንዲወስን አዘዘ።

ይህን የመሰለ ክርክር በሌላም ዓለም ታይቷል። ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ልጆች የሆኑት የሱሪናም ሳራማካዎች በ1762 ከሆላንድ ገዢዎች ጋር የሰላም ውል ተዋውለው ነበር፤ ሆኖም በ1960ዎቹ ዓመታት በአፎባካ ግድብ ምክንያት ብዙ መንደሮቻቸው በውሃ ተዋጡ። በ2007 የአሜሪካ አህጉር የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት፣ በአባቶች ልማድ የተያዘ መሬት ወረቀት ባይኖረውም ሊከበር የሚገባው ርስት መሆኑን ፈረደላቸው።

እንግዲህ ድንበር የሚያሰምር ሹም ከችካሉ አስቀድሞ በውስጡ የሚኖረው ማን እንደ ሆነ፣ ያም ሰው በምን ልማድ እንደ ያዘው ሊጠይቅ ይገባዋል። ከዱሩ የሚያተርፍ ነጋዴም የጥንቱን ጠባቂ ድርሻ ቢያስብ ንግዱ የጸና ይሆናል። ፍርድ በመዝገብ ላይ ብቻ ቢቀር ለባትዋው ማደሪያ አይሆነውምና፣ የካምፓላው ቃል በመሬት ላይ እንዲታይ ምኞታችን ነው።