ለመርከብ ያልሆነ ቀሚስ…

አክስቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ደውላ «አንተ ኢኮኖሚስቱ፣ አንድ ነገር ላማክርህ» ካለች አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ የዶላር ምንዛሪ ነው። ያለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ግን ጥያቄዋ ሌላ ሆነብኝ።

«ለሃያ አራት ሌሊት የመርከብ ጉዞ ስንት የራት ቀሚስ ይበቃል?»

እናላችሁ፣ እኔ ከጣና ጀልባ ሌላ ውኃ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ቢሆንም ዲግሪ ይዞ «አላውቅም» ማለት በእኛ ቤት ነውር ነው። «እስቲ ላስላው» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ 26 ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጣች። ሁለት ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተው የጉዞ ትኬት ገዙላት። ከኒው ዮርክ ተነስቶ አትላንቲክን የሚያቋርጥ፣ ሰሜን አውሮፓ ወደቦች ላይ እያረፈ የሚመለስ መርከብ ነው። እሷ «ገንዘቡን በእጄ ብትሰጡኝ ይሻለኛል» ብላ ነበር። ልጆቿ እምቢ አሉ። ገንዘቡ በእጇ ከገባ የት እንደሚሄድ ያውቁታል፤ ወደ እኛ ነው የሚሄደው። እኔ ራሴ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስቆይ ኪሴ ውስጥ የነበረው ብር ከእሷ ሐዋላ የተረፈ ነበር።

ከትኬቱ ጋር የመጣው የልብስ መመሪያ ነው ያስጨነቃት። ከ24ቱ ሌሊት ስድስቱ «መደበኛ ምሽት» ናቸው ይላል። ወንዶች ቱክሲዶ ወይም ጥቁር ሱፍ ከፓፒዮን ጋር፣ ሴቶች ረጅም የምሽት ቀሚስ።

ይኼ ልማድ ከየት መጣ ብዬ ትንሽ አነበብኩ። ኩናርድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1840 ብሪታኒያ የተባለችውን የእንፋሎት መርከቡን ከሊቨርፑል ወደ ሃሊፋክስና ቦስተን ላከ። ከዚያ በኋላ በነበረው ረጅም ዘመን፣ አውሮፕላን ቦታውን እስኪነጥቅ ድረስ፣ አትላንቲክን የሚሻገር ሰው በመርከብ ነበር የሚሻገረው። አንደኛ ማዕረግ የሚጓዘው ባለጸጋ ታዲያ ባሕር ላይ ነኝ ብሎ የቤቱን ሥርዓት አይተውም፤ ለራት ይለብሳል። «ታይታኒክ»ን ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ያ ድሃው ጃክ አንደኛ ማዕረግ ራት ሲጋበዝ መጀመሪያ የተደረገለት ነገር የሰው ሱፍ ማዋስ ነበር።

ዛሬ ሁሉም መርከብ እንዲህ አይደለም። ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ ከ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «እንደፈለጋችሁ ልበሱ» የሚለውን መንገድ መርጧል። በሌላ በኩል ከ2004 ጀምሮ ሳውዝሃምፕተንና ኒው ዮርክን የምታገናኘው ኩዊን ሜሪ 2 የክብር ምሽቶቿን እስከ ዛሬ ይዛለች። መልበስ ያልፈለገ ተሳፋሪ አይራብም፤ ቡፌው ጋ ሄዶ ይበላል። ዋናው ምግብ ቤት ግን በደንቡ ለለበሰ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ቀላል ነው፦ ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት የምትሄዱበትን መርከብ መመሪያ አንብቡ።

አክስቴ መመሪያውን ከማንበቧ በፊት ነበር የገዛችው። ለገናና ለጥምቀት አዲስ አበባ ስትመጣ አምስት ቀሚስ ይዛ መጣች፤ እህቷ እንድትመርጥላት። የእናቴ አልጋ ላይ ዘረጋችው። ጥቁር፣ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና አንድ ከአንገት እስከ እግር ዶቃ የተለጠፈበት። ሁሉም የዋጋ ወረቀታቸው አልተነሳም። አንዱን አየሁት፤ 120 ዶላር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ወረቀቱን ሳይ በጭንቅላቴ ውስጥ የሠራው ማሽን የምንዛሪ ማሽን ነበር። 120 ሲባዛ በአምስት፣ ሲባዛ በዕለቱ ምንዛሪ። የስንት ወር አስቤዛ፣ የስንት ወር ቤት ኪራይ እንደሚሆን። አፌም አላረፈ፤ «እታለም፣ የዚህ የአንዱ ዋጋ እኮ እዚህ…» ብዬ ጀመርኩ። እናቴ በዓይኗ ገደለችኝ። አክስቴ ግን አልተቆጣችም።

«ልጄ፣» አለች፣ «ሃያ ስድስት ዓመት የለበስኩት ልብስ ሁሉ ኪስ ነበረው። ጓንት የምይዝበት፣ እስክሪብቶ የምሰካበት። አንዴ ኪስ የሌለው ልልበስ።»

ቶርስታይን ቬብለን የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ልብስ የጻፈው ምዕራፍ አለ። ውድ ልብስ የሚያሳየው ገንዘብ መኖሩን ብቻ አይደለም፤ የለበሰው ሰው በእጁ እንደማይሠራም ጭምር ነው ይላል። ዩኒቨርሲቲ ስማር ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን፣ እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ምንዛሪ አልተነፈስኩም።

ወደ ሻንጣው ልመለስ። የምጣኔ ሀብት ትምህርት የሚጀምረው ከእጥረት ነው። ሰዎች እጥረቱ ኪሎ ይመስላቸዋል። በአውሮፕላን ለሚሄድ እውነት ነው። አክስቴን ግን ልጆቿ እስከ ወደቡ በመኪና ነው የሚያደርሷት፤ መርከብ ደግሞ እንደ አውሮፕላን በኪሎ አያስጨንቅም። የእሷ እጥረት ቁም ሳጥን ነበር። አንዲት ጡረተኛ የሥራ ባልደረባዋ ጋር አንድ ጠባብ ክፍል ይጋራሉ። አንድ ቁም ሳጥን፣ 12 ማንጠልጠያ፤ ለእሷ ስድስት። ሃያ አራት ቀን የምትኖረው በስድስት ማንጠልጠያ ነው።

በድሮው የመርከብ ዘመን ሰዎች ይህን የፈቱት ሻንጣቸውን ለሁለት በመክፈል ነበር። ክፍል ውስጥ የሚገባው አንድ ዓይነት ምልክት ይለጠፍበታል፤ ሌላው ላይ «በጉዞው የማይፈለግ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍና ታች ዕቃ ማከማቻ ይወርዳል። እኛም አልጋውን ለሁለት ከፈልነው።

አምስቱ ቀሚሶች በየተራ ተመዘኑ፤ በኪሎ አይደለም፣ በሚለበሱበት ጊዜ ብዛት። የ120 ዶላር ቀሚስ አንዴ ከተለበሰ የአንድ ምሽት ዋጋው 120 ነው። ሦስቴ ከተለበሰ 40። ዶቃው ያለበት በጣም ያምራል፤ ግን አንዴ የታየ ሁሌ ይታወሳል፣ አይደገምም፣ በዚያ ላይ ከሁለት ኪሎ በላይ ይከብዳል። አረንጓዴው የራሱን ጫማ ይፈልጋል፤ ጫማ ደግሞ የሻንጣ ትልቁ ጠላት ነው። ጥቁሩ ብቻ ቀረ። ጥቁር ቀሚስ ላይ ሻርፕና ጌጥ ከተቀያየረ ማንም «ትናንትም ይህንኑ ለብሳ ነበር» አይልም።

«እና አምስቱን ሌላ ምሽት በምን ልውጣ?» አለች።

እናቴ ናት የመለሰችው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። አንቺ ለጥምቀት የምትለብሺውን ለመርከብ የማትለብሺው ለምንድን ነው?»

አክስቴ ፊቷ ተለወጠ። መጀመሪያ «ቅዳሴ የምሄድ ልታስመስሉኝ ነው» ብላ ሳቀች። ቆይታ ግን እውነተኛውን ምክንያት አወጣችው። «እዚያ ነጭ የሚለብሱት አስተናጋጆቹ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት በልብሴ ነው ሥራዬን የሚያውቁት። ገንዘብ ከፍዬ ገብቼ ሳህን አንሺልኝ ልባል?»

ለዚህ ስሌት አልነበረኝም። ስልኬን አውጥቼ መመሪያውን እንደገና አነበብኩላት፤ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ የየአገሩ የክብር ልብስ ለመደበኛ ምሽት እንደሚፈቀድ ተጽፏል። ኩናርድም ቢሆን እንደዚሁ ይፈቅዳል። «የክብር» የሚለውን ቃል ሁለቴ አስደገመችኝ።

በማግሥቱ ሽሮ ሜዳ ወጣን። ሽሮ ሜዳ ከላይ እስከ ታች ቀሚስ የተንጠለጠለበት ሰፈር ነው፤ ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። አንድ ሱቅ ገብተን ባለቤቱን «ጋሼ፣ ሻንጣ ውስጥ የሚቀመጥ ቀሚስ እንፈልጋለን» ስላቸው ሳቁ። ከዚያ ግን የሰጡን ምክር ከየትኛውም የጉዞ ቪዲዮ የተሻለ ነበር።

ሽፎን አይጨማደድም፣ ቀላል ነው፤ ፈትል ይከብዳል፣ ይጨማደዳል፣ ግን አወራረዱ ያምራል። ጥበቡ ከእግሩ ዙሪያ ሰፊ ከሆነ ይከብዳል፤ ደረቱና እጅጌው ላይ ቢሆን ተቀምጦ ራት ለሚበላ ሰው ይሻላል፣ የሚታየው እሱ ነውና። አዲስ የጥበብ ክር ቀለሙ ሊለቅ ስለሚችል መጀመሪያ እቤት ይታጠብ። ሲታጠፍ ጥበቡ ወደ ውስጥ፣ በመሃሉ ስስ ወረቀት።

ሁለት ገዛን፦ አንድ ነጭ ፈትል ጥቁርና ወርቃማ ጥበብ ያለው፣ አንድ ጥቁር ቀጭን ጥበብ ያለው። ሦስት ነጠላም ጨመርን። ነጭዋ 14 ሺሕ ብር ወጣባት። ስሌቴ የጠራ ነበር፦ ሦስት ቀሚስ፣ እያንዳንዱ ሁለት ምሽት፣ ስድስት ምሽት ሞላ። ነጠላው ሲቀያየር የተለየ ልብስ ይመስላል፤ በዚያ ላይ የመርከብ ምግብ ቤት ማቀዝቀዣ ኃይለኛ ነው፣ ውጭ ደግሞ ነፋስ አለ። ነጭዋን ጥምቀት ላይ አስመረቀቻት።

ማሸጉ ላይ ሌላ ነገር ተማርን። የልብስ መተኮሻ ክፍል ውስጥ መጠቀም በብዙ መርከቦች ክልክል ነው፤ እሳት ባሕር ላይ ቀልድ አይደለም። አንዳንዶቹ የጋራ ማጠቢያና መተኮሻ ክፍል አላቸው። የሌለው መርከብ ላይ ቀሚሱን ሻወር ቤት ሰቅሎ ሙቅ ውኃ መልቀቅ ነው፣ እንፋሎቱ ያቃናዋል። ሁለተኛ፣ መርከብ ሲገባ ትልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ይቀበላሉ፣ ክፍል የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው። ስለዚህ መድኃኒት፣ ፓስፖርትና አንድ የምሽት ልብስ በእጅ ሻንጣ። ሦስተኛ፣ ወለሉ ይወዛወዛልና ረጅም ተረከዝ ይቅር። አክስቴ በራሷ የጨመረችው አራተኛ ነበር፦ ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ። ይፈቀድ አይፈቀድ አልጠየቅኳትም።

ግንቦት ላይ ተሳፈረች። ኢንተርኔት በተገኘ ቁጥር የድምፅ መልእክት ትልክልኝ ነበር።

በመጀመሪያው መደበኛ ምሽት የሱቁን ጥቁር ቀሚስ ለበሰች። «አምሮብኝ ነበር» ትላለች። ከራት በኋላ አዳራሹ በር ላይ ጓደኛዋን ቆማ ስትጠብቅ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ባዶ ብርጭቆውን እጇ ላይ አስቀመጠላት። የዚያ ምሽት አስተናጋጆች ጥቁር ነበር የለበሱት። «ተቀበልኩት እኮ» አለች በመልእክቱ፤ «እጄ ለምዶ ተቀበለው። ከዚያ ‹ጌታዬ፣ እኔም ተሳፋሪ ነኝ› አልኩት። ቀላ። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ሚስቱም ጠየቀችኝ።» ሳቀች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ድምፅ የለም፣ የባሕሩ ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማው።

ያን ቀሚስ ሁለተኛ አልለበሰችውም። የተቀሩትን ምሽቶች ነጭዋን፣ የሐበሻ ጥቁሯን፣ እንደገና ነጭዋን፣ እንደገና ጥቁሯን። እኛ ስንት የተከራከርንበት ነጭ ልብስ ላይ ማንም ብርጭቆ አላስቀመጠም። የጠረጴዛዋ ሰዎች በእጅ የተሠራ መሆኑን ሲጠይቋት ስለ ድርና ማግ ያለማቋረጥ እንዳወራች ጓደኛዋ ነግራኛለች። ስድስተኛው ምሽት ላይ አልሄደችም። ቡፌው ጋ በሹራብ ተቀምጣ ሾርባዋን በሚጥሚጣ በላች። የጉዞዬ ምርጥ ራት ነው ትላለች።

ስሌቴ ስለዚህ ከሸፈ። ለሁለት ምሽት የመረጥኩት የ120 ዶላር ጥቁር ቀሚስ አንዴ ብቻ ተለበሰ፤ የአንድ ምሽት ዋጋው ያው 120 ሆኖ ቀረ። የቀሩትን አራት ወረቀታቸው ስላልተነሳ ሱቁ መልሶ ወሰደላት። ነጭዋ ጥምቀትን ጨምሮ ሦስቴ ወጣች፤ በ14 ሺሕ ብር ሲሰላ ለአንድ መልበስ አምስት ሺሕ አትሞላም። ያ ሽማግሌ ብርጭቆ ያስቀመጠበትን ምሽት ግን በየትኛው ሒሳብ ውስጥ እንደማስገባው አላወቅኩም።

ባለፈው ሳምንት ነጭዋን በሰው ላከችልኝ። አራተኛው ምሽት ላይ ቀይ ወይን ፈሶባታል፣ እግሯ አካባቢ። ሽሮ ሜዳ ወስጄ ለጋሼ አሳየኋቸው። ነቅሎ ሰፋ ያለ ጥበብ ቢያዞሩበት እድፉ እንደሚሸፈን ነገሩኝ። ግን ያን ጊዜ እግሩ ሊከብድ ነው። ደውዬ ምን ላድርግ አልኳት።

«ሸፍነው፣» አለችኝ፣ «ይክበድ። በሚቀጥለው አውሮፕላን አይደለም የምሄደው።»

የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ አልነገረችኝም።