የቦሌው በር ሕግ ወጥቶለታል፤ የባሮውስ?

የኢሚግሬሽንና የድንበር ሕጎች ክርክር ከመቱ ገበያ ሲታይ

ከመቱ ጭኖ በጎሬና በቡሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ባለመኪና መንገዱን የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ በኬላም ጭምር ነው። ርቀቱ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ከተቆረቆረችው ጎሬ ተነስቶ 500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ጋምቤላ ሲደረስ አየሩ ይለወጣል፣ ቋንቋው ይለወጣል፣ ዋጋውም ይለወጣል። በየኬላው የጠፋ ሰዓት፣ ያደረ መኪና፣ የተራገፈና እንደገና የተጫነ ጆንያ ሁሉ በመጨረሻ የሚከፈለው ከሸቀጡ ዋጋ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ድንበርን የሚመለከት ሕግ ሲረቀቅ ግን ይህ መንገድ ብዙም አይነሳም። ክርክሩ የሚሞቀው በቦሌ በሚወጣና በሚገባው መንገደኛ ላይ ነው። ለዚህ ቅርቡ ማስረጃ የኢሚግሬሽን አዋጁ ማሻሻያ ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. ማገባደጃ አዋጅ ቁጥር 354/1995ን የሚያሻሽለውን አዋጅ ቁጥር 1339/2016 ሲያጸድቅ ያከራከረው ዋና ነጥብ አንድ ነበር። ቀድሞ አንድን ሰው ከአገር እንዳይወጣ ማገድ የፍርድ ቤት ሥልጣን ነበር። ማሻሻያው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የበላይ ኃላፊም ለአገር ደኅንነት አደጋ አለው በሚባልና ጊዜ በማይሰጥ ሁኔታ እንዲያግድ ፈቀደ። ደጋፊዎቹ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ እስኪወጣ ተጠርጣሪው ከአገር ሊወጣ ይችላል አሉ። ተቺዎቹ በበኩላቸው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 32 ጠቀሱ፤ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት አለው የሚለውን። ይህን ነፃነት ፍርድ ቤት ሳያየው አንድ የሥራ ኃላፊ ቢገድበው ተጠያቂው ማን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነበር።

ለነጋዴ ደግሞ ጉዳዩ የመብት ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ነው። ዱባይ ወይም ጓንዡ ሄዶ ዕቃ የሚመርጥ አስመጪ፣ ከገዢ ጋር ውል ለመፈረም የሚበር ቡና ላኪ፣ ከአየር ማረፊያ ቢመለስ የሚያጣው የትኬቱን ዋጋ ብቻ አይደለም። ውሉ ይፈርሳል፣ የባንክ ሰነዱ ጊዜ ያልፍበታል። በስህተት ለታገደ ሰው ኪሳራውን ማን ይተካል የሚለው ከመብቱ ጥያቄ ባላነሰ መከራከሪያ መሆን ነበረበት።

ይሁንና ይህ ሁሉ ፓስፖርት ስላለው ሰው ነው። ኢ-ቪዛውም ሲጀመር የታሰበው በቦሌ ለሚገባ እንግዳ ነበር። ምዕራቡ ድንበር ላይ በር የለም፤ ወንዝ፣ ሣርና የከብት መንገድ ነው ያለው። በፓጋክ ወይም በአኮቦ በኩል የሚሻገረው ሰው አብዛኛው ፓስፖርት አይቶ አያውቅም፤ የሚሻገርበትም ወገን ያው የራሱ ጎሳ ነው። እናም የሶርን ከተሞች ኪስ የሚነካው ይኸኛው ድንበር ነው።

በውል የተከፈተ በር

የዛሬው ነጋዴ ልብ ላይለው ይችላል እንጂ ይህ ድንበር በአንድ ወቅት የአገሪቱ ዋና የንግድ በር ከሚባሉት አንዱ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የፈረሙት የድንበር ውል በዋናነት የሱዳንን ወሰን የሚያሰምር ነው። ግን አራተኛው አንቀጽ የንግድ ነበር። በባሮ ወንዝ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀደ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንደማይውል በዚያው ተጻፈ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ።

ከዚያ በኋላ የኢሉባቦር ቡና መውጫ ታወቀ። የሶር ውኃ ወደ ጌባ፣ ጌባም ወደ ባሮ እንደሚወርድ ሁሉ ቡናውም በዚያው አቅጣጫ ወረደ። ከጎሬ በቡሬ በኩል በበቅሎና በሰው ጫንቃ ተጭኖ ጋምቤላ ይደርሳል፤ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የሱዳን መንግሥት የእንፋሎት መርከቦች ወደ ካርቱም ይወስዱታል። ሲመለሱ ጨውና አቡጀዲ ይዘው ይመጣሉ። ግሪኮችና ሶሪያውያን ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ፤ እንግሊዝ ጎሬ ላይ ቆንስላ እስከማቋቋም ደረሰች። በወቅቱ ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ነበረች፤ መቱ ይህን ቦታ የወሰደችው በደርግ ዘመን ነው።

ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውሉ ዘመን አበቃ። ጣቢያው ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ሉዓላዊነቱ ተከበረ፤ ነገር ግን የወንዙ ንግድ እየከሰመ ሄዶ የኢሉባቦር ቡና ፊቱን ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ መንገድ አዞረ። ከውሉ የሚቀር አንድ ነገር አለ። የ1894ቱ ሰዎች ድንበር ሲያሰምሩ ሸቀጥ በየት በኩል እንደሚያልፍ አብረው ጽፈዋል። የኋለኞቹ ሕጎች ይህን ልማድ ትተውታል።

300 ሺህ አዲስ ሸማች

ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. ነፃነቷን አውጃ ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. እርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ስትገባ ሕዝቡ ወደ ጋምቤላ ጎረፈ። በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጄዊ፣ በንጉኒየልና በሌሎች መጠለያዎች የሰፈረው ስደተኛ ከ300 ሺህ አለፈ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ራሱ 307 ሺህ ገደማ እንደነበር ላስታወሰ የቁጥሩ ክብደት ይገባዋል። ለመቱ፣ ለጎሬና ለቡሬ ነጋዴ ይህ ማለት በግማሽ ቀን መንገድ ላይ አንድ አዲስ ገበያ በቀለ ማለት ነው። ስደተኛውም ይበላል፣ ይለብሳል፣ ቡና ይጠጣል።

የዚህ ገበያ የሕግ መሠረት የተጣለው ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። በዚያን ቀን የጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የ1996ቱን አዋጅ ሽሮ ለስደተኛው የመሥራት፣ የመነገድ፣ የባንክ አገልግሎት የማግኘትና የመዘዋወር መብት ሰጠ። በአፍሪካ ለስደተኛ ለጋስ ከሚባሉት ሕጎች አንዱ ሆኖ ተወደሰ። ጋምቤላ ላይ ግን ስሜቱ ሌላ ነበር። በአኙዋክና በኑዌር መካከል የቁጥር ሚዛን የሥልጣንና የመሬት ሚዛን በሆነበት ክልል፣ ከወዲያ ማዶ የመጣ የአንዱ ወገን ሰው የመኖርና የመሥራት መብት ማግኘቱ ቀላል ዜና አይደለም። ሕገ መንግሥቱም ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ስለ ስደተኛ የሚወስነው በአንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ነው፣ መሬቱን የሚያስተዳድረው ደግሞ ክልሉ።

አዋጁ ራሱም በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይዞታል። የመዘዋወር መብትን ካወጀ በኋላ መንግሥት ስደተኛው የሚኖርበትን ቦታ ሊወስን እንደሚችል ይደነግጋል። እዚህ ላይ ነው የመቱ ጅምላ ሻጭ የሚቸገረው። መጠለያ ውስጥ ሱቅ ላለው ስደተኛ በዱቤ ቢሸጥ ገንዘቡን የሚያስመልሰው በየትኛው ውል ነው? የስደተኛ መታወቂያ እንደ ነጋዴ ሰነድ ይቆጠራል? ሰውየው ነገ ወደ ናስር ቢመለስ ክሱ የሚቀርበው የት ነው? መልስ ስለሌለ ንግዱ በእጅ በእጅ ብቻ ይሆናል፤ እጅ በእጅ የሆነ ንግድ ደግሞ አያድግም።

ይህ ገበያ ምን ያህል በቀጭን ክር ላይ እንደተንጠለጠለ የታየው በ2015 ዓ.ም. ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ላልታለመለት ሰው እየዋለ ነው ብሎ ከሰኔ ጀምሮ ለስደተኞች የሚሰጠውን እህል ለአራት ወር ገደማ አቋረጠ። ራሽን የሌለው ሰው የሚሸጠውም የሚለውጠውም የለውም። በምክር ቤት ድንበር ላይ ሲከራከሩ ይህ የገበያ ጎን ቢነሳ መልካም በሆነ።

ጥበቃው በአደጋ ቀን ብቻ

ስለ ደኅንነቱ ማንም አይከራከርም። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰው ገድለው፣ ከ100 በላይ ሕፃናትን ወስደው፣ ከብቱን ነድተው ሄደዋል። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጋምቤላ ከተማ ራሷ በታጣቂዎች ተጠቅታለች። እንዲህ ባለ ጊዜ መንገዱ ይዘጋል፣ ጭነቱ ጎሬ ወይም ቡሬ ላይ ይቆማል፣ የሚበላሸው ይበላሻል። ጸጥታ የሌለበት ድንበር ለነጋዴም አይበጅም።

ቁም ነገሩ ጥበቃው ምን ላይ ነው የሚለው ነው። የታጠቀውን ዘራፊ፣ ሰው አሻጋሪውን፣ የኮንትሮባንድ ቡና የጫነውንና ሰነዱ የተሟላለትን ባለመኪና አንድ ኬላ በአንድ ዓይን ሲያያቸው የሚጎዳው የመጨረሻው ነው። የቀሩት ኬላ ባለበት አይሄዱማ! በ2012 ዓ.ም. የወጣው ስለ ሰው መነገድና ማሻገር የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1178 እያወቀ ስደተኛ የሚያጓጉዝን ሰው በብርቱ ይቀጣል። ተገቢ ነው። ግን በዚህ መስመር ላይ የሚሠራ ሾፌር የጫነው ተሳፋሪ ማዶኛ ይሁን የክልሉ ተወላጅ በምን ይለየው? ሁለቱም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ ብዙዎችም መታወቂያ የላቸውም። ስለዚህ ሾፌሩ ይጠራጠርና ጨርሶ አይጭንም፤ ወይም ይጭንና ለሥጋቱ ታሪፍ ይጨምራል።

ቡናውም እንዲሁ ነው። ኮንትሮባንድ በኬላ ብዛት ይጠፋል የሚል እምነት ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። የጉምሩክ ሕጉ ዕቃውን ይወርሳል፣ ተሽከርካሪውም የሚወረስበት ሁኔታ አለ። ሆኖም አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ፣ በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ በሆነበት ጊዜ ጀንፈሉን ወደ ምዕራብ የገፋው የዋጋው ልዩነት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ልዩነቱ ጠበበ፤ በሕጋዊ መንገድ የሚልከው ሰው በብር የሚያገኘውም ከፍ አለ። አንድ የተመን ውሳኔ ብዙ ኬላ ሊሠራው ያልቻለውን ሊሠራ ይችላል። ልዩነቱ እንደገና ከሰፋ ግን መንገዱን የሚያውቁት ሰዎች አሁንም እዚያው ናቸው።

የድንበር ክርክር ዞሮ ከኪስ መግባቱ የእኛ አገር ብቻ ዕጣ አይደለም። በአሜሪካ ምክር ቤት በ2025 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ትልቁ የበጀት ሕግ ለድንበርና ለስደተኛ ቁጥጥር ከፍተኛ ገንዘብ ሲመድብ፣ በጥሬ ገንዘብ ወደ ውጭ በሚላክ ሐዋላ ላይም ግብር ጥሏል። ረቂቁ ሲጀመር 5 በመቶ ነበር፤ በክርክር 3.5፣ በመጨረሻም 1 በመቶ ሆነ፤ ከባንክ ሒሳብ ወይም በካርድ የሚላከው ነፃ ተደረገ። በዋሽንግተን ወኪል ያላቸው ባንኮችና ላኪ ድርጅቶች ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ተከታትለውታል።

የመቱና የጎሬ ነጋዴ ግን ለቋሚ ኮሚቴ ሕዝባዊ ውይይት ተሰልፎ አያውቅም። የንግድ ምክር ቤቱም ስለ ኢሚግሬሽን ሕግ ሲነሳ ጉዳዩን የፖሊስና የውጭ ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል። በሕጎቹ ውስጥ ሊገቡ የሚገባቸው ነገሮች ደግሞ ረቂቅ አይደሉም። መቱ ላይ ታሽጎ ጋምቤላ ላይ ብቻ የሚከፈት የጭነት ሰነድ፣ በሁለቱም ክልል ኬላዎች የሚታወቅ የነጋዴ ይለፍ፣ ለስደተኛ ሱቅ የሚያገለግል የዱቤ ውል፣ በስህተት ለታገደ መንገደኛም ሆነ ጭነት የካሳ ደንብ።

ይህ እስኪሆን ድረስ ደላላው አንዱን ሸቀጥ በሁለት ዋጋ ይጠራል፤ መቱ ማስረከቢያ ይህን ያህል፣ ጋምቤላ ማስረከቢያ ይህን ያህል ብሎ። በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት ነዳጁና የመኪናው ኪራይ የትኛው እንደሆነ ማንም ያውቃል። ቀሪውን ደላላው ራሱ በአንድ ቃል ያልፈዋል፤ የመንገድ።