የቋሚ እንጨት ወርክሾፕ፦ ጓደኛ የሚጠራው መቼ ነው?

ግቢው ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ጣሪያ ያለው የሥራ ቦታ ያምረዋል። በብሎኬት ልሥራ ካለ መሠረቱ ብቻ ኪሱን ያራግፈዋል። ርካሹ መንገድ አገሬው ድሮም የሚያውቀው ነው፦ የባሕር ዛፍ ቋሚ ቀብሮ ከላይ ቆርቆሮ መምታት። እዚህ ላይ መሠረቱም ምሰሶውም ያው ቋሚው ነው፤ ጣሪያውን ይሸከማል፣ ነፋሱንም ይመክታል። ግድግዳው ገንዘብ ሲገኝ ይደርሳል።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ጓደኛን ከመጀመሪያው ቀን ጠርቶ እንጨት ሲላጥ ቁጭ ብሎ እንዲያይ ማድረግ ጊዜውን ማባከን ነው። ዝግጅቱ የባለቤቱ ነው።

ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ልጡ በቀላሉ ይነሳል፤ ከደረቀ በኋላ ትግል ነው። የተላጠው እንጨት ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይደርቃል። የሚቀበረው ወፍራሙ ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ ቅባቱም ከአፈሩ በላይ አንድ ስንዝር ይውጣ። ቋሚ ቶሎ የሚበሰብሰው ጥልቁ ላይ ሳይሆን አፈርና አየር በሚገናኙበት ቦታ ነውና። የውሃ ጉድጓድ በቅርብ ካለ ግን ዘይቱ ይቅር።

የቤቱን መጠን የሚወስነው ኮምፔንሳቶ ነው። አንዱ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። በቁመቱ ሲሰነጠቅ ከመጋዙ ፊት 2.44፣ ከኋላውም 2.44 ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ከ6 ሜትር ያነሰ ርዝመት ያስቸግራል። በሩም ከአንድ ሜትር ተኩል ባይጠብ ይሻላል።

ማዕዘን ለማውጣት የሜትሩ ጫፍ ችካል ላይ ከታሰረ አንድ ሰው ይበቃል። ከማዕዘኑ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካል፤ በምልክቶቹ መካከል ልክ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ጉድጓዱ ከ80 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ከሥሩ ጠጠር ይደረግበት። አፈሩ መረሬ ከሆነ ጠለቅ ይበል፤ መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቋሚውንም ይዞት ይንቀሳቀሳል።

ጓደኛ የሚጠራው አሁን ነው። አንዱ ቋሚውን ያቅፋል፣ ሌላው ራቅ ብሎ በቱንቢ ያያል፤ ከዚያ ዞሮ ከጎን ይደግማል። ከአንድ በኩል ብቻ የታየ ቋሚ በሌላው በኩል ዘንበል ማለቱ የተለመደ ነው። አፈሩ አንድ ስንዝር ያህል እየተሞላ ይጠቀጠቃል፤ አንዴ ሞልቶ ከላይ መርገጥ ዋጋ የለውም።

የቋሚዎቹን ራስ ለማስተካከል ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ቱቦ ውሃ ተሞልቶ ይበቃል። ባለቤቱ አንዱን ጫፍ የመጀመሪያው ቋሚ ላይ ይይዛል፣ ጓደኛው ሌላውን እየያዘ ከቋሚ ቋሚ ይዞራል። ውሃው ሲረጋ በሁለቱም ጫፍ ከፍታው አንድ ነው፤ እዚያ ላይ ምልክት ይደረጋል። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ልኩ ይዋሻል። አውራ ጣቱን ከቱቦው አፍ ማንሳት የረሳ ጓደኛም እንዲሁ ያሳስታል፤ ይህ ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል።

ወራጁ በምስማር ብቻ አይታመንም። ግድግዳ የሌለው ቤት ውስጥ ነፋስ ከሥር ገብቶ ጣሪያውን ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ ወራጁ ከቋሚው ጋር በሽቦ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጅ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውፍረቱ ይጨምራል፤ 28ቱ ከ32ቱ ይወፍራል። መምታት የሚጀመረው ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ ጫፍ ነው፤ ያኔ የድርቡ አፍ ለነፋስ አይከፈትም። ላስቲክ ያለው ምስማር ከሞገዱ ጉብታ ላይ ይመታል፤ ጎድጓዳው የውሃው መንገድ ነው።

አንዱ ላይ ሆኖ ሲመታ አንዱ ከታች ያቀብላል፤ ነፋስ ባለበት ቀን ግን ቆርቆሮ ወደ ላይ ማውጣት ይቅር። ምሳ የባለቤቱ ነው። ጠላው መሰላሉ ከተነሣ በኋላ ቢቀርብ ይመረጣል።