በዓረብኛ ገጽ ላይ አማርኛ እንዴት ይነበባል?

በካይሮ ዛማሌክ፣ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉ ካቴድራል ግቢ፣ «ሪፊዩጅ ኢጂፕት» የተሰኘው ድርጅት ከሱዳን፣ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች የመጡ ስደተኞችን ይረዳል። የከተማዋ ቋንቋ ዓረብኛ ነው፤ በአማርኛ ማንበብ ለለመደ ባለጉዳይ ግን የቀጠሮው ቀን በራሱ ፊደል ቢጻፍለት ከብዙ እንግልት ይድናል። በእንዲህ ያለ ከተማ አገልግሎቱን በበይነ መረብ ለመስጠት የሚሻ ተቋም ሁሉ ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ገጽ ማስማማት ይኖርበታል።

ብዙ ተቋማት ለዚህ ፖርታል ይጠቀማሉ። ፖርታል ፖርትሌት የሚባሉ ትናንሽ ክፍሎችን በአንድ ገጽ ያሰባስባል፤ አንዱ ዜና፣ ሌላው የቀጠሮ ቅጽ ያሳያል። በጃቫ ለሚሠሩ ፖርትሌቶች የጋራ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ በ2008 ተሻሽሏል። የክፍሎቹ መልክ አዘውትሮ የሚጻፈው ጄኤስፒ በተባለ የገጽ አብነት ነው፤ ሰርቨሩ አብነቱን በመረጃ ሞልቶ ለአንባቢው ይልካል።

ለብቻው ሙሉ ገጽ የነበረ አብነት ወደ ፖርትሌት ሲገባ በሰው ቤት እንዳለ እንግዳ መሆን አለበት። የገጹን መክፈቻና መዝጊያ ምልክቶች ይተዋል፤ እነርሱን የሚጽፈው ፖርታሉ ነውና። ማያያዣዎቹን በፖርታሉ በኩል ያሠራል፤ አለዚያ ተጠቃሚው አንድ ጊዜ ሲጫን ከፖርታሉ ይወጣል። ለቅጾቹና ለትእዛዞቹ የሚሰጣቸው ስሞችም ከጎረቤት ክፍል ስሞች ጋር እንዳይጋጩ መለያ ይጨምርባቸዋል።

ለአማርኛ ሁለት ጥንቃቄዎች ይታከላሉ። ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ፣ የአማርኛው ክፍል ከግራ ወደ ቀኝ መነበቡን በራሱ ክልል ውስጥ ብቻ ያውጃል። ሁለተኛው የፊደል ኮድ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። አብነቱ ኮዱን ካልገለጸ ጄኤስፒ የላቲን ፊደላትን ኮድ ይወስዳል፤ ያን ጊዜ ጽሑፉ የጥያቄ ምልክቶች ወይም ትርጉም የለሽ ቁምፊዎች ይሆናል። አብነቱ ብቻውን መግለጹም አይበቃም፤ በፖርትሌት ውስጥ የተካተተ አብነት የመውጫውን ኮድ መለወጥ ስለማይችል፣ ፖርታሉም በዩቲኤፍ-8 መሥራት አለበት።

መፈተኛው ቀላል ነው። ገጹ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት አንድ የአማርኛ ስም በቅጹ ሞልቶ መላክና ሳይጎድል መመለሱን ማየት ነው። ስሙ ተበላሽቶ የተመዘገበ ባለጉዳይ በቀጠሮው ቀን ቢመጣም መዝገቡ አያውቀውም።