አንጎልን ከኦክሲጅን ጉዳት ስለሚጠብቀው ቪታሚን



የሰው አንጎል ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ በዕረፍት ጊዜ እንኳ ከምንጠቀምበት ኦክሲጅን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን የሚወስደው እርሱ ነው። ለሕይወት የሚያስፈልገን ይህ አየር ግን ጠንቅም አለበት። በሕዋሳት ውስጥ ከምግብ ኃይል ሲገኝ፥ ከኦክሲጅኑ ጥቂቱ ወደ ጎጂ ቅንጣትነት ይለወጣል። ሳይከደን የቆየ ዘይት በአየር ምክንያት ጣዕሙ እንደሚበላሽ ሁሉ፥ የአንጎልን ሕዋስ የሸፈነው ስስ የስብ ሽፋንም በዚህ ቅንጣት ይጎዳል፤ ጉዳቱም ከአንዱ የስብ ቅንጣት ወደ ሌላው ይዛመታል።

ይህን ሰንሰለት ከሚቆርጡት አንዱ፥ ኢቫንስና ቢሾፕ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ያገኙት ቪታሚን ኢ ነው። በሽፋኑ ውስጥ ተቀምጦ፥ የራሱን ሃይድሮጅን በመስጠት ጎጂውን ቅንጣት ያበርደዋል። እርሱ ሲደክም ደግሞ ቪታሚን ሲ ሊያድሰው ይችላል።

እንግዲህ እንክብሉን አብዝቶ መዋጥ ይበጃልን? የማስታወስ ችሎታቸው መድከም በጀመረ 769 ሰዎች ላይ ለ3 ዓመት ተደርጎ በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመ ምርመራ፥ ቪታሚን ኢ በብዛት መውሰድ ወደ አልዛይመር በሽታ መድረስን እንዳላስቀረ አሳይቷል።

ስለዚህ ሐኪም ሳያዝ ለእንክብል ገንዘብ ከማውጣት ይልቅ፥ የሱፍ ዘይትን፥ ለውዝንና ጎመንን ከማዕድ አለማጉደል ይሻላል።