የሲጋራውን ዕዳ ማን ይክፈል? የግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥራ እንዴት ይሠራል?

በአሜሪካ የአንድ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲባል ሌባና ነፍሰ ገዳይ ሲከስስ የሚውል ሰው ይመስለን ይሆናል። ያ ሥራ ግን በአብዛኛው የየካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ድርሻ ነው። ጠቅላዩ ከሁሉ በፊት የግዛቱ ጠበቃ ነው፤ ግዛቱ ሲከሰስ ይሟገትለታል፣ ሲበደል ይከስስለታል።

ማን ያስቀምጠዋል? በ43 ግዛቶች ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል። በአምስት ግዛቶች አገረ ገዢው፣ በሜይን ምክር ቤቱ፣ በቴነሲ ደግሞ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሰይመዋል። ሕዝብ የመረጠው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የአገረ ገዢው ታዛዥ አይደለም። ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የሚሲሲፒ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበረው የማይክ ሙር ታሪክ ያሳያል።

ሙር ከ1988 እስከ 2004 (እ.ኤ.አ.) በሥልጣን ላይ ቆየ። ከእሱ ክስ በፊት የታመሙ አጫሾች የትምባሆ ኩባንያዎችን ሲከሱ ይሸነፉ ነበር፤ ኩባንያዎቹ «አውቀህ አጨስክ፤ ማንም አላስገደደህም» ይሏቸዋል፣ ዳኞችም ይቀበሏቸዋል። ሙር በ1994 ሌላ በር ከፈተ። ከሳሹ አጫሹ ሳይሆን ግዛቱ ሆነ። ሚሲሲፒ ሲጋራ አላጨሰችም፤ ነገር ግን ሜዲኬይድ በተባለው የመንግሥት የጤና መድን የሚታከሙ ድኾች በማጨስ ሲታመሙ የሕክምናውን ወጪ ትከፍላለች። «ያወጣሁትን መልሱልኝ» አለች። ለክርክሩ በቂ በጀት ስላልነበረ፣ የግል ጠበቆች ወጪውን ከኪሳቸው እየሸፈኑ ከሙር ጋር ቆሙ፤ ክፍያቸው ሲያሸንፉ ብቻ የሚመጣ ነበር።

አገረ ገዢው ኪርክ ፎርዳይስ ክሱን ተቃወመ፤ ለማስቆምም ወደ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ አልተሳካለትም። ሙር የእሱ ተሿሚ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ የስንብት ደብዳቤ ባለቀ ነበር።

በ1997 ኩባንያዎቹ ለሚሲሲፒ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማሙ። ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስና ሚኒሶታም ለየብቻቸው ተስማሙ። በኅዳር 1998 የቀሩት 46 ግዛቶች በ25 ዓመት ወደ 206 ቢሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል ፈረሙ። በውሉ መሠረት የመንገድ ዳር የሲጋራ ቢልቦርድና ልጆችን የሚስብ የካርቱን ማስታወቂያ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ምን አለ? ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሚኒሶታ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ የሸማቾችን አቤቱታ በነፃ ይቀበላል፤ አቤቱታው ባጭበረበረ ጋራዥ ወይም የማይገባ ክፍያ በጠየቀ ኩባንያ ላይ ሊሆን ይችላል። ቢሮው አቤቱታውን ለኩባንያው ልኮ መልስ ይጠይቃል፣ ለማስማማትም ይሞክራል። የእርስዎ የግል ጠበቃ ግን አይሆንም፤ ፍርድ ቤት ቆሞ የእርስዎን ጉዳይ አይከራከርም። ደንበኛው ግዛቱ ነውና። ሆኖም በአንድ ኩባንያ ላይ ተመሳሳይ አቤቱታ ሲደራረብ፣ ጉዳዩ የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ ግዛቱ የሚከስበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደረሰኝዎንና ውልዎን አያይዘው ይጻፉ፤ የጠፋብዎ ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም እንኳ።